ከአገር ወጥቶ መማር በጎጃም የቅኔ ቤቶች

በምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ባሕር ማዶ የሚሄዱ ወጣቶች ጉዳይ በሚታይበት ክፍል ጥቂት ዓመታት አገልግያለሁ። በዚያ ክፍል ለአንድ ተማሪ በሚከፈተው መዝገብ ውስጥ የማይገባ ወረቀት የለም ማለት ይቻላል። የልደት ማስረጃ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሐኪም ምስክር ወረቀት፣ የገንዘብ አቅም ማረጋገጫ፣ የተቀባዩ ትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ ከዚህም ሁሉ በላይ ተማሪው ትምህርቱን ፈጽሞ የሚመለስ ለመሆኑ የሚፈርም ዋስ ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ ወጣቱ ደጅ ሲጠና ይከርማል። አንድ ቀን እንዲህ ያለውን የወረቀት ክምር ሳስተካክል፣ በዕድሜ የሚበልጡኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ለመሆኑ አያትህ ዐባይን ሲሻገሩ ዋሳቸው ማን ነበር?» ብለው ቀለዱብኝ። አያቴ የቅኔ ተማሪ እንደ ነበሩ ቀደም ብዬ አጫውቻቸው ነበርና ነው። ሁለታችንም ሣቅን፤ ጥያቄው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝም እርሱ ነው።

ዛሬ «ውጭ አገር» ስንል ባሕርንና አየርን የሚያቋርጥ መንገድ ይታሰበናል። በቀደመው ዘመን ግን «አገር» የሚለው ቃል የሚሸከመው ትርጉም ጠበብ ያለ ነበረ። የሳይንት ሰው ዐባይን ከተሻገረ፣ የጎጃም ሰው ወደ በጌምድር ከዘለቀ «ሰው አገር ገባ» ይባል ነበረ። ነገሩም የአነጋገር ልማድ ብቻ አልነበረም። በተለይ በዘመነ መሳፍንት፣ ከ1761 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዐፄ ቴዎድሮስ እስከ ነገሡበት እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስ፣ እያንዳንዱ ክፍል በየራሱ መስፍን ይገዛ ስለ ነበረ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ኬላ ማለፍ፣ ለቀረጥ ተቀባዩ ማንነትን ማስረዳት፣ ሽፍታ የሚያድርበትን በረሓ ማቋረጥ ማለት ነበረ። በዚያ ሁሉ መካከል ጦር ሳይዝና ስንቅ ሳይቋጥር ሊዘዋወር ከሚችሉት ጥቂት ሰዎች አንዱ ተማሪ ነው። ከተማሪ የሚዘረፍ ነገር አይገኝም፤ ተማሪን መበደልም እንደ ነውር ይቈጠራል።

ተማሪው እንዲዘዋወር ያስገደደው የትምህርቱ አደላደል ነው። የቤተ ክህነት ትምህርታችን በአንድ ግቢ ውስጥ የተሰበሰበ አልነበረም። ድጓን በሚገባ ማስመስከር የፈለገ ጋይንት ውስጥ ወዳለው ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ዙር አምባ ይወጣል፤ አቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ ጎንደር ይገኛል፤ ቅኔ ያማረው ደግሞ፣ የዋድላ ቤት እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ወደ ጎጃም ይመጣል። አገሪቱን በሙሉ እንደ አንድ ዩኒቨርሲቲ ብንቈጥራት፣ የትምህርት ክፍሎቿ በብዙ ቀን የእግር መንገድ ተራርቀው የተቀመጡ ነበሩ። ስለዚህ ሙሉ ሊቅ ለመሆን የሚመኝ ሰው በተወለደበት መንደር ተቀምጦ ሊሆን አይችልም። የትም ቢወለድ የሰው አገር ተማሪ መሆኑ የማይቀር ዕጣው ነው።

የጎጃምን ደጋ የሚያውቅ ሰው የቅኔ ቤቶቹን አቀማመጥ በቀላሉ ይረዳዋል። ከመካከል ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመው የጮቄ ተራራ አለ፤ ከእርሱ የሚፈልቁት ብዙ ወንዞች በየአቅጣጫው ወርደው ዐባይን ይቀላቀላሉ። ከተራራው በስተ ደቡብ የቀድሞዋ መንቆረር፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ባሠሩት የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ምክንያት ስሟ የተለወጠው ደብረ ማርቆስ፣ ትገኛለች። ከእርሷ በአንድ ወገን ደብረ ኤልያስ፣ በሌላ ወገን ወደ ብቸና ሲወጣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ አሉ። ራቅ ብለውም የዋሸራ፣ የጎንጅና የጽላሎ ጉባኤዎች ስማቸው የታወቀ ነው። የቅኔ አባት ይባል የነበረውን ተዋነይን ጎንጅ የራሷ ታደርገዋለች፤ ስለ እርሱም ድንቅ ድንቅ ታሪክ ይተረካል።

ቅኔ በጎጃም ስለምን በዛ? አበው ለዚህ ብዙ መልስ አላቸው፤ የመሬቱ በረከት ነው የሚሉ አሉ፤ የቅዱሳኑ ጸሎት ነው የሚሉም አሉ። እኔ ግን የቢሮ ሰው ስለ ሆንሁ ነገሩን በበጀት በኩል አየዋለሁ። አንድ መምህር ሁለት መቶ ተማሪ ቢሰበስብ፣ ያ ሁሉ አፍ በየቀኑ እንጀራ ይፈልጋል። ያን የሚያበላው የመንግሥት ግምጃ ቤት አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ገበሬ ነው። ጤፉ፣ ስንዴው፣ ገብሱና ባቄላው በሚበረክትበት፣ መንደሩ ተጠጋግቶ በሰፈረበት ደጋ ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ጉባኤ አይቆምም። ጎጃምን የቅኔ አገር ያደረጓት ሊቃውንቱ ብቻ ሳይሆኑ፣ አንድም የግእዝ ቃል ሳይሰሙ ሌሊት ተነሥተው እንጀራ የሚጋግሩት እናቶች ጭምር ናቸው የሚለው የእኔ እምነት ነው።

አያቴ የተወለዱት ወሎ ውስጥ በዐማራ ሳይንት ነው። ከሳይንት ሆኖ በስተ ምዕራብ ሲመለከቱት የጎጃም ደጋ እጅ ቢዘረጉለት የሚደረስበት ይመስላል፤ በመካከሉ ግን የዐባይ ሸለቆ አለ። በ1934 ዓ.ም.፣ ጠላት በወጣ በዓመቱ፣ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳሉ ዳዊት የደገሙበትን ቤት ትተው፣ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ለእናታቸው ሳይናገሩ ወጡ። እንዲህ መጥፋት የተለመደ ነበረ። ወላጅ ልጁን ለከብት ጥበቃና ለእርሻ ይፈልገዋል፤ ቢጠየቅም አይፈቅድም፤ ስለዚህ ለትምህርት የቋመጠ ልጅ ይኰበልላል። ወንዙን የተሻገሩት ኅዳር ላይ ነው። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ዐባይ ሙሉ ስለ ሆነ መንገድ የለም፤ ከጐደለ በኋላም ቢሆን ዋና የማይችለውን ሰው ዋናተኞች በተነፋ አቁማዳ እየገፉ ነበር የሚያሻግሩት። የአሻጋሪዎቹን ዋጋ በምን እንደ ከፈሉ አያቴን ስጠይቃቸው «ተማሪ ምን ይከፍላል፤ ማርያምን ለምነን ተሻገርን» ይሉኝ ነበር። ለባልደረባዬ ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይኸው ነው መሰለኝ።

ዲማ ሲደርሱ መዝገብ አልተከፈተላቸውም፤ ክፍያም አልተጠየቁም። የኔታ «አገርህ የት ነው? ከማን ዘንድ ተማርህ?» ብለው ጠየቋቸው፤ በዚያውም ተማሪ ሆኑ። የመጀመሪያውን ሌሊት ያደሩት በነባር ተማሪዎች ጎጆ ነው። በማግሥቱ ጫካ ወርደው እንጨት ቈረጡ፤ ሣር ዐጨዱ፤ ጓደኞቻቸውም አግዘዋቸው ከሌሎቹ ጎጆዎች አጠገብ አንዲት ሦስት ሰው ተጣብቆ የሚተኛባት ጎጆ ቆመች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማቸው «ሳይንቱ» ሆነ። ሌላው «ዋድላው»፣ ሌላው «ትግሬው»፣ ሌላው «ሸዌው» ነው። «እናቴ ያወጣችልኝን ስም ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጠራኝ ሰው የለም» ይሉ ነበር አያቴ፤ ሲናገሩትም ቅሬታ ይሁን ኩራት ለይቼ ለማወቅ አልቻልሁም።

የተማሪው ዕቃ ሲቈጠር ብዙ አይደለም። የበግ ለምድ ወይም ደበሎ ለብሶ፣ እንጀራ የሚቀበልበትን አኩፋዳ በትከሻው አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ የሚሆን ዘንግ ይዞ ይወጣል። በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ቁራሽ እንጀራ፣ ጥሬ፣ ወይም ቆሎ ይሰጠዋል። የቆሎ ተማሪ የተባለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። አንዱ ተማሪ የሚለምንበት መንደር ሌላው እንዳይደርብበት በመካከላቸው ድልድል ነበራቸው። ያገኙትን አምጥተው በአንድነት ይበሉታል፤ የታመመ ካለ የእርሱ ድርሻ ይቀመጥለታል።

በዘመናችን ስለዚህ ልመና የሚጽፉ አንዳንድ ሰዎች ነገሩን የስንፍና ትምህርት ቤት አድርገው ሲያዩት አነባለሁ። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ልመናው ተማሪውን ከሥራ አላሳረፈውም፤ እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ የኔታ እርሻ ያላቸው እንደ ሆነ ያርማል፣ ያጭዳል። ከዚህ በላይ ግን መታየት ያለበት፣ ዛሬ አንድ መንግሥት ወይም አንድ ድርጅት ለውጭ ተማሪ የሚሰጠውን ነጻ የትምህርት ዕድል በዚያን ጊዜ የጎጃም ገበሬ ከየጓዳው እየቈረሰ ይሰጥ የነበረ መሆኑ ነው። ያውም ለልጁ ሳይሆን፣ ከየት እንደ መጣ ለማያውቀው፣ የአነጋገሩ ቅላጼ እንኳ ለሚያሥቀው እንግዳ ነው። በአንጻሩ ደግሞ ልመናውን እንደ ገድል ብቻ አድርገው የሚያመሰግኑትንም አልከተልም። የተማሪን ቅልጥም ያየ ሰው የውሻ ጥርስ ምን እንደ ሠራ ያውቃል፤ አያቴ እስከ ሞቱበት ቀን ድረስ የግራ እግራቸውን በፀሐይ ማሞቅ ይወዱ ነበር።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልመለስ። የጉባኤው ቀን የሚጀመረው ከማታው ነው ማለት ይቻላል። ከራት በኋላ የኔታ ከደጃቸው ተቀምጠው ግስ ያወርዳሉ፤ ተማሪው በጨለማ ዙሪያውን ተቀምጦ በጆሮው ብቻ ይቀበላል። ብራና የለም፤ ብርዕ የለም፤ መብራትም ቢሆን ከምድጃው እሳት በቀር የለም። ከግሱ ቀጥሎ የኔታ አዲስ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ያውም አስቀድሞ የተሰናዳ ሳይሆን በዚያው ሰዓት ከአፋቸው የሚፈልቅ ነው። ተማሪው ያንን በቃሉ ይይዛል፤ ሰሙ ምን እንደ ሆነ፣ ወርቁ የት እንደ ተቀበረ፣ አገባቡ እንዴት እንደሚፈታ ከጓደኞቹ ጋር እየተከራከረ ያመሻል።

ሲነጋ ተራው የተማሪው ነው። ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ጫካ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ይሄድና የራሱን ቅኔ ይቈጥራል። ለምዱን ተከናንቦ ብቻውን ሲያጕተመትም፣ ጣቱን ሲያጥፍና ሲዘረጋ ያየ መንገደኛ ያበደ ሊመስለው ይችላል። ጀማሪው የሚሞክረው ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃናን ነው፤ እርሷን ሲለምድ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ዋዜማ፣ ስድስት ቤት ወዳለው ወደ ሥላሴ ያድጋል፤ በመጨረሻም ስምንት ቤት ያለውን መወድስን ይደፍራል። ሁሉን የቻለ ተማሪ «ቤት ሞላ» ይባልለታል። የጉባኤ ቃናን ሁለት ቤት ለመሙላት ወር ሙሉ የታገለ ሰው፣ ይህ ማዕረግ ምን ያህል እንደሚርቅ ያውቀዋል።

ከቀትር በኋላ ነገራ ነው። ጀማሪው የቈጠረውን ለአስነጋሪው፣ ማለት ቤት ሞልቶ የኔታን ለሚያግዘው ከፍተኛ ተማሪ፣ ይነግራል፤ የበሰለው ደግሞ ለራሳቸው ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የሚጠብቀው ላልቶ፣ የሚላላው ጠብቆ፣ ወይም ዘርፉ ከባለቤቱ ሳይስማማ ከቀረ በአንዲት ቃል ያቃኑታል። አንዳንድ ጊዜ ከስምንቱ ቤት ሰባቱን አፍርሰው አንዱን ብቻ ያስቀሩለታል፤ ተማሪውም ያቺን አንዲት ቤት ይዞ ደስ ብሎት ይመለሳል። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። የሌላ ሰው ቅኔ አምጥቶ የራሱ ያስመሰለ ተማሪ እንደ ሌባ ይታያል፤ ሌብነቱም ወዲያው ይታወቅበታል፤ ከዚያ ሁሉ ጆሮ የሚያመልጥ የለምና።

እኔ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ ድረስ የተፈተንሁት ሌሎች የጻፉትን ምን ያህል እንዳስታወስሁ ነበር። የቅኔ ተማሪ ግን በየቀኑ የሚጠየቀው ዛሬ ጠዋት ምን አዲስ ነገር እንዳመጣ ነው። ይህን ልዩነት ካስተዋልሁ ወዲህ የራሴን የፈተና ውጤት በብዙ መመካት ትቻለሁ።

ቅኔ እንቢ ያለውም ብዙ ነው። አንዳንዱ ዓመት ሙሉ ግስ እየሰማ ጉባኤ ቃና አልገጥም ይለዋል፤ ጓደኞቹም ያሾፉበታል። እንዲህ ያለው ተስፋ የቈረጠ ተማሪ ከአስተናግር ፍሬ የሚዘጋጀውን አብሾ የተባለ መጠጥ ይጠጣ ነበር፤ አእምሮን ይከፍታል እየተባለ ነው። አስተናግር መርዝ መሆኑን ዛሬ ማንም ያውቃል። የጠጣው ሰው ይቀባጥራል፤ አንዳንዱም ዐብዶ ይቀራል። ሊቅ የሆነ እንደ ሆነ «አብሾው ሠራለት» ይባላል፤ ያበደው ደግሞ «መጠኑን ሳተ» ይባልለታል። በዚህ ዐይነት መድኃኒቱ መቼም ቢሆን ተረትቶ አያውቅም!

ከጉባኤው ውጭ ያለው ኑሮም የራሱ ጣዕም ነበረው። በየበዓሉ ተማሪዎች ከየኔታ ጋር ወደ አጎራባች ደብር ይሄዳሉ፤ በማኅሌቱ መካከል ቅኔ ሲዘረፍ ያዳምጣሉ፤ የደፈረም ይቀኛል። የበዓል ጠላና ዳቦ ስለሚገኝ ያን ዕለት አኩፋዳው ያርፋል። በመንገድም ሳሉ የዋሸራ ቤት ይበልጣል፣ የጎንጅ ቤት ይበልጣል፣ የለም የዋድላ ይረቅቃል እየተባለ የሚደረገው ክርክር ማቆሚያ የለውም። አንዳንድ ጊዜ ክርክሩ ከቃል ወደ ዘንግ ይተላለፍ እንደ ነበረ አያቴ አልደበቁኝም። የአንድ አገር ልጆች ተጠጋግተው ጎጆ መሥራታቸው፣ በጠብም ጊዜ አንዱ ለአንዱ ማገዙ የተለመደ ነው።

ይህ የእኛ ጠባይ ብቻ እንዳይመስለን በሌላውም ዓለም የነበረውን መመልከት ይገባል። በመካከለኛው ዘመን በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች «ብሔር» በሚባሉ አራት ማኅበሮች ተከፍለው ነበር፤ እነርሱም የፈረንሳይ፣ የፒካርዲ፣ የኖርማንዲና የእንግሊዝ ነበሩ፤ በመካከላቸውም ጠብ አይጠፋም ነበር። በካይሮ በአል አዝሃር ደግሞ ለየአገሩ ተማሪ የተለየ ማደሪያ ነበረው። ከእነዚያ አንዱ ከእኛ አገር ለሚሄዱት የእስልምና ተማሪዎች የተሰጠው የጀበርት ማደሪያ ነው። የግብፅን ታሪክ የጻፈው ስመ ጥሩው ዐብዱ ረሕማን አል ጀበርቲ (እ.ኤ.አ. 1753–1825) የዚያ ማደሪያ አለቆች ከነበሩ ቤተሰቦች የተወለደ ነው። በአንድ ዘመን የሳይንቱ ልጅ በጎጃም ጎጆ ውስጥ፣ የእስላሙ ወንድሙ ደግሞ በካይሮ ማደሪያ ውስጥ በየአገራቸው ስም እየተጠሩ ይማሩ ነበር ማለት ነው።

በጉባኤው ስለ ሴቶች ሳልናገር ባልፍ ጕድለት ይሆንብኛል። ዱር ማደሩና ልመናው ሴት ልጅን ከቅኔ ቤት አርቋት ነበር፤ አንዲት ግን በሩን ከፍታለች። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዐይነ ስውር ሆነው ሳለ በጽላሎ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው፣ በኋላም የአባታቸውን ጉባኤ ይዘው ብዙ ወንዶችን አስተምረዋል። ትምህርቱ በጆሮና በቃል ስለ ነበረ የዐይናቸው መታወር ከወንበሩ አላገዳቸውም። ከአባት ቤት ሳይወጡ ሊማሩ መቻላቸው ግን የእርሳቸው ዕድል ነው፤ አባቷ የቅኔ መምህር ያልሆነላት ልጅ ይህ በር አልተከፈተላትም።

የዚህ ኑሮ ክፉ ገጽ በሽታ ነው። ጎጆው ጠባብ፣ ለምዱ የማይታጠብ፣ ቅማሉ ብዙ ነው። ተስቦ በገባ ጊዜ ከጎጆ ወደ ጎጆ ይዛመታል፤ ሐኪም የለም። ከአያቴ ጋር ዐባይን ከተሻገሩት ሁለት ጓደኞች አንዱ በሦስተኛው ዓመት በተስቦ ሞተ፤ የቀበሩትም ተማሪዎች ናቸው። የሞተው ልጅ በጉባኤው የሚታወቀው በአገሩ ስም ነበርና፣ የአባቱን ስም የሚያውቁ ከእነዚያው ከሁለቱ በቀር አልነበሩም። መርዶውን ለወላጆቹ የሚያደርስ መንገደኛ የተገኘው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ደግሞም ወሬው በመንገድ ተበላሸ፤ ሳይንት የደረሰው «ልጆቹ ዐልቀዋል» ተብሎ ነው።

በዚህም ምክንያት የአያቴ እናት ልጃቸው በሕይወት ሳለ አለቀሱለት፤ ተዝካሩንም አወጡለት። አያቴ ይህን ሳያውቁ በዲማ ሥላሴን ይቈጥሩ ነበር።

ከእነዚህ ጎጆዎች የወጡት ሰዎች ለዘመናዊዪቱ ኢትዮጵያ ምን እንዳበረከቱ በዚህ አጭር ጽሑፍ ተዘርዝሮ አያልቅም። ዮፍታሔ ንጉሤ በደብረ ኤልያስ ቅኔ ተምረው ወደ አዲስ አበባ መጥተው የቴያትር ደራሲ ሆኑ። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ አጠገብ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ከተማሩ በኋላ አዲስ አበባ በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ገቡ። በጠላት ወረራ ጊዜ ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ፤ ከነጻነት በኋላ የትምህርት ሚኒስትርና በእንግሊዝ አገር አምባሳደር እስከ መሆን ደረሱ። በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው ልብ ወለድ ዋና ሰው በዛብህም የቅኔ ተማሪ ነው፤ ያን መጽሐፍ ያነበበ ሰው የተማሪን ኑሮ ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ ከዚያ ያገኘዋል።

በእውነት ወደ ባሕር ማዶ ከሄዱት ቀደምት ተማሪዎች አንዱም ከዚሁ ወገን ነው። በጣና ዳር በዘጌ የተወለደው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1880 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢጣልያ ተልኮ በቶሪኖ ከተማ በአልቤርቲና የሥዕል ትምህርት ቤት ተማረ። በኋላ በናፖሊ የአማርኛ መምህር ሆነ፤ በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለው መጽሐፉም በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ይባላል። ይህን ያህል ዕውቀት የተሸከመ ሰው ግን በወረራው ዘመን ከጠላት ጋር ቆመ። ዋስ የሚያስፈርመው መዝገባችን ስለ ተማሪው አካል መመለስ እንጂ ስለ ልቡ ምንም እንደማይጠይቅ የማስታውሰው አፈወርቅን ባሰብሁ ጊዜ ነው።

የቅኔ ቤቱን ከባድ ፈተና ያመጣው ግን ባሕር ማዶ አይደለም፤ ዘመናዊው ትምህርት ቤትና የመሬቱ ለውጥ ናቸው። መምህራኑ የሚኖሩት በደብሩ መሬት ነበርና፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ መተዳደሪያቸው ተቋረጠ። ዐዋጁ ለጭሰኛው ያመጣውን ዕረፍት የሚክድ የለም፤ የኔታ ግን በዚያው ቀን ደመወዝ የሌላቸው መምህር ሆኑ። አንዳንዶቹ ጉባኤያቸውን በተኑ፤ አንዳንዶቹ ከተማሪዎቻቸው ቁራሽ እየተካፈሉ ጸኑ። ስለ ጸኑም ነው ዛሬ ደብረ ማርቆስ የሄደ ሰው ሁለቱን በአንድ ቀን ሊያይ የሚችለው። ጠዋት በዩኒቨርሲቲው በር ከየክልሉ የተመደቡ ወጣቶች ሻንጣቸውን እየጐተቱ ሲገቡ ያያል፤ ከሰዓት በኋላ ደብረ ኤልያስ ቢደርስ ደግሞ ለምድ የለበሰ ልጅ አኩፋዳ ይዞ ያገኛል።

አያቴ ቤት ሞልተው፣ አስነጋሪ ሆነው፣ የየኔታን ምርቃት ከተቀበሉ በኋላ በ1945 ዓ.ም. ወደ ሳይንት ተመለሱ። ደጁ ሲደርሱ «በእንተ ስማ ለማርያም» አሉ፤ ከልማድ ይሁን ከፍርሃት እርሳቸውም አያውቁትም። እናታቸው ቁራሽ ይዘው ወጡ፤ ሰጡአቸውም፤ አላወቋቸውም። ስማቸውን ሲነግሯቸው «የሞተ ልጅ በስሙ አትለምን» ብለው ተቈጡ። ያመኑት በግንባራቸው ላይ ያለውን የልጅነት ጠባሳ ከዳሰሱ በኋላ ነው።

በሳምንቱ የመንደሩ ደብር በዓል ነበረና አያቴ በማኅሌቱ መወድስ ተቀኙ። በዚያ ደብር ቅኔ የሚሰማ ሰው ከአንድ ሽማግሌ ቄስ በቀር አልነበረም። እናታቸው ከቅጽሩ ውጭ ቆመው ድምፁን ብቻ ሰሙ፤ ሕዝቡ ሲበተን ወደ ቄሱ ቀርበው «አባ፣ ልጄ የተናገረው ደኅና ነው?» ብለው ጠየቁ። ቄሱም «ደኅና ነው፤ ይህን ያህል ዘመን ቢጠፋም ያስኬዳል» አሏቸው።

በሳይንት ጉባኤ የሚዘረጋላቸው፣ ተማሪ የሚያበላላቸው ደብር አላገኙም። አዝመራውን ለእናታቸው አገዙ፤ ኅዳር ገባ፤ ዐባይም ጐደለ። በዚያን ጊዜ ግን ተሰናብተው፣ ስንቅ ተቋጥሮላቸው፣ እናታቸው እስከ ሸለቆው አፋፍ ሸኝተዋቸው ተሻገሩ።